ይሉኝታና ገበታ፤ «ትናንት ምን በላህ?» በተባለው የጃፓን ማንጋ ውስጥ የባለታሪኮች ጠባይ አለዋወጥ

፩. የጥናቱ ጥያቄ

የአንድ ድርሰት ባለታሪክ ጠባዩ ተለወጠ የምንለው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ መልሳችን ከአንድ ትልቅ አጋጣሚ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጦርነት ይነሣል፣ ወዳጅ ይሞታል፣ የተሸሸገ ምስጢር ይገለጣል፣ ባለታሪኩም ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል። ይህ ዐይነቱ አቀራረብ ለቴአትር መድረክ የተመቸ ነው። አብዛኛው ሰው በእውነተኛው ኑሮ የሚለወጠው ግን እንዲህ አይደለም። ሲሠራ፣ ሲበላ፣ ሲያኮርፍና ሲታረቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ አንድ ቀን ዞር ብሎ ቢመለከት ቀድሞ ያፍርበት የነበረውን ነገር ሳያስበው ሲያደርገው ራሱን ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ለውጥ በድርሰት ማሳየት ከባድ ነው፤ ከደራሲው ረጅም ጊዜን፣ ከአንባቢውም ትዕግሥትን ይጠይቃልና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ድርሰት ይህን ከባድ ነገር የሞከረ ነው። ስሙ «ትናንት ምን በላህ?» ይባላል፤ የጻፈችውና የሣለችው ጃፓናዊቷ ፉሚ ዮሺናጋ ናት። ታሪኩ በቶክዮ ከተማ በአንድ ቤት እንደ ትዳር ጓደኛሞች ስለሚኖሩ ሁለት ወንዶች ነው። ጉዳዩ በአገራችን እንደ ልብ የማይነገር መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። የሐያሲ ተግባር ግን ድርሰቱ ሰዎቹን እንዴት አድርጎ እንዳቆማቸው፣ ከቆሙም በኋላ ይራመዱ እንደ ሆነ መመርመር ነውና እኛም በዚሁ እንወሰናለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪. ድርሰቱ የወጣበት ወገን

ማንጋ በጃፓን ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተርክ የድርሰት ዐይነት ነው። ከዚህ ውስጥ በወንድና በወንድ መካከል ያለ ፍቅርን የሚተርከው ወገን «ቦይዝ ላቭ» ይባላል። ይህን ወገን በአብዛኛው የሚጽፉት ሴቶች ናቸው፤ የሚያነቡትም ከሁሉ በላይ ሴቶች ናቸው። መሠረቱ የተጣለው በ1970ዎቹ እንደ ሞቶ ሀጊዮና እንደ ኬይኮ ታኬሚያ ባሉ ደራስያት ነው። የታኬሚያ «የነፋስና የዛፍ ዝማሬ» ከ1976 እስከ 1984 ድረስ በተከታታይ የወጣ ሲሆን ቦታው ፈረንሳይ፣ ዘመኑ 19ኛው መቶ ዓመት፣ ዋና ባለታሪኩም ዢልቤር የተባለ እጅግ የተዋበና እጅግ የተጎዳ ልጅ ነው። ውበት፣ ሥቃይና ያለ ዕድሜ መቀጨት የዚህ ወገን የመጀመሪያ ቀለሞች ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በተጻፉት በብዙዎቹ ላይ የታሪኩ አካሄድ እየተለመደ መጣ። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፤ አንደኛው አሳዳጅ፣ ሁለተኛው ተፈላጊ ይሆናል፤ እንቅፋት ይነሣል፤ በመጨረሻ ፍቅር በቃል ይገለጥና ታሪኩ ያበቃል። ማግስቱ አይተረክም። ማን ምግብ እንደሚያበስል፣ የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚከፈል፣ እናትና አባት ምን እንዳሉ አንባቢው ሳያውቅ መጽሐፉ ይዘጋል።

ከዚሁ ወገን የሚመደብ አንድ ሌላ ስም አለ፤ «ያኦይ» ይባላል። ቃሉ የተሠራው ከሦስት አባባሎች የመጀመሪያ ድምፆች ሲሆን ትርጉማቸው ከፍታ የለውም፣ መዝጊያ የለውም፣ ትርጉም የለውም ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በራሳቸው ሥራ ሲቀልዱ ያወጡት ነው። ይህን ቀልድ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዮሺናጋ በ1971 ተወልዳ የሙያ ሥራዋን በ1994 የጀመረችው በዚሁ በቦይዝ ላቭ ወገን ነው። «ትናንት ምን በላህ?» ግን በ2007 መውጣት የጀመረው «ሞርኒንግ» በተባለው የኮዳንሻ ድርጅት ሳምንታዊ መጽሔት ሲሆን ይህ መጽሔት በመጀመሪያ የታሰበው ለጎልማሶች ወንዶች ነው። ስለዚህ ድርሰቱን በጥብቅ ስንናገር ቦይዝ ላቭ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከዚያ ቤት ወጥቶ ጎረቤት የሰፈረ ልጅ ነው ማለት ይሻላል። በ2019 የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት በጠቅላላው ክፍል አግኝቷል፤ በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ድራማ፣ በ2021 ደግሞ ፊልም ሆኗል።

፫. ሺሮና ይሉኝታው

ታሪኩ ሲጀምር ሺሮ ካኬይ የ43 ዓመት ጠበቃ ነው፤ አብሮት የሚኖረው ኬንጂ ያቡኪ የ41 ዓመት ጸጉር አስተካካይ ነው። ፍቅራቸው እንዴት እንደ ተጀመረ በመጀመሪያው ገጽ አይነገረንም። ሌሎች የሚያበቁበት ቦታ ለዮሺናጋ መነሻ ሆኗል።

ሺሮ ሥራውን በሰዓቱ ይጨርሳል፣ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ዋጋ ያወዳድራል፣ ወደ ቤቱም ገብቶ ያበስላል። ለሁለት ሰው የወር ምግብ የመደበው 25,000 የን ብቻ ነው፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም ብታልፍ ይቆጨዋል። መልኩ ያማረ፣ ሥራው የተከበረ፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ነው። በሥራ ቦታው ወንድን የሚያፈቅር መሆኑን እንዲያውቁበት አይፈልግም። ከኬንጂ ጋር በአደባባይ ሁለት ሆኖ መታየትን ይፈራል።

ይህን ጠባይ ለመሰየም በአማርኛ ዝግጁ ቃል አለን፤ ይሉኝታ ነው። ጃፓኖች በበኩላቸው «ሴከን» የሚል ቃል አላቸው፤ ቃሉ ዓለም ወይም ኅብረተሰብ ማለት ቢሆንም በይበልጥ የሚያመለክተው በዙሪያችን ሆኖ የሚያየንንና የሚያወራብንን ሰው ነው። እነርሱ ተመልካቹን ሰየሙ፤ እኛ በሚታየው ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ስሜት ሰየምን። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ሺሮን በሙሉ እናየዋለን።

ይሉኝታ ደግሞ ባለ ሁለት ስለት ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው ስንል እየነቀፍን ነው፤ ይሉኝታ ያጠፋው ሰው ስንልም እያዘንን ነው። የሺሮ ይሉኝታ እንደዚሁ ነው። ኬንጂን እንዲደብቅ የሚያደርገው እርሱ ነው፤ ለእናትና ለአባቱ እንዲጨነቅ፣ የሌላ ሰው ሰዓት እንዳያባክን፣ ራቱ ተስተካክሎ እንዲቀርብ የሚያደርገውም ያው ነው። ደራሲዋ ይህን ስለምታውቅ ባለታሪኳ ይሉኝታውን እንደ አሮጌ ካፖርት አውልቆ እንዲጥል አላደረገችም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፤ በዓመታቱ ውስጥ የሺሮ ይሉኝታ አልጠፋም፤ የሚያስብለትን ሰው ነው የለወጠው። መጀመሪያ «ሰው ምን ይለኛል?» ይል የነበረው ሰው ቀስ በቀስ «ኬንጂ ምን ይሰማዋል?» ወደሚል ጥያቄ ይሸጋገራል።

፬. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ገና በታሪኩ መጀመሪያ አንድ ጠብ ይነሣል። ኬንጂ ጸጉር ሲያስተካክል ለደንበኞቹ አብሮት ስለሚኖረው ጠበቃ ያወራ ኖሯል፤ ሺሮ ይህን ሲደርስበት ይቆጣል። ኬንጂ የሚመልሰው መልስ ቀላልና የማያፈናፍን ነው። የሱቁ ሹም ስለ ሚስቱ እንደ ልቡ ሲያወራ እርሱ አብሮት ስለሚኖረው ሰው አንዲት ቃል ሊናገር የማይችለው ለምንድን ነው? ሺሮ ጠበቃ ነው፤ በክርክር ይኖራል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የለውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ወደ ማእድ ቤት መመለስ ነው።

በዚህች ትንሽ ትዕይንት የግንኙነታቸው ሒሳብ ሁሉ ተጽፏል። ይሉኝታ ያለው ሺሮ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ኬንጂ ነው። አንድ ሰው ራሱን ሲደብቅ አብሮት ያለውንም ሰው ይደብቃል፤ ያኛው ሰው ግን ልደበቅ ብሎ አልጠየቀም። ኬንጂ በሥራ ቦታው ማንነቱ የታወቀ፣ እንባው ቅርብ፣ ሣቁም ቅርብ የሆነ፣ ቅናትም የማያጣው ሰው ነው። ግልጽነቱ በራሱ ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የአዲስ ዓመት በዓል ነው። በጃፓን አዲስ ዓመት የቤተ ሰብ በዓል ነው፤ ልጅ ወደ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል። ሺሮ ሲሄድ ኬንጂ ብቻውን በቤት ይቀራል፤ የሚበላውም ከፓኬት የወጣ ኑድል ነው። ኬንጂ ኑድሉን በደስታ ሲያዘጋጅና ሲበላ ይሣላል፤ አያለቅስም፣ አያማርርም። አንባቢው ግን በሌላው ቀን ሁሉ የሁለት ሰው ሳሕን የሚታይበት ገበታ ዛሬ አንድ ሳሕን ብቻ እንዳለበት ያያል። ደራሲዋ በቃል ያላለችውን ሳሕኑ ተናገረ።

፭. ስለ ገበታው

በየምዕራፉ ሺሮ ሲያበስል ብዙ ገጽ ይወሰዳል። ሩዝ ከሳልሞን ዓሣና ከጎቦ ሥር ጋር አብሮ እንዴት እንደሚበስል፣ ጎመኑ መቼ እንደሚቀቀል፣ የተረፈው ለነገ እንዴት እንደሚቀመጥ በዝርዝር ይነገራል። ይህን ያየ አንባቢ «ታሪኩ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከፍታ የለውም፣ መዝጊያ የለውም የተባለው የቆየ ቀልድ እዚህ ላይ በእውነት የደረሰ ይመስላል።

ነገር ግን ቀልዱን ደራሲዋ ወደ ዘዴ ለውጣዋለች እንላለን። ሺሮ ፍቅሩን በቃል ሲናገር እምብዛም አይሰማም። ኬንጂ ሲደክመው ምን እንደሚወድ አስታውሶ ያንን ይሠራል፤ ሲጣሉም የዚያን ዕለት ራት ያሻሽላል። ኬንጂም በበኩሉ እያንዳንዱን ነገር እያመሰገነ ይበላል። አንዱ በእጁ ይናገራል፣ ሌላው በአፉ ይመልሳል። ማብሰሉ ታሪኩን ያቋረጠው ከመሰለን የተሳሳትነው ንግግሩ የት እንዳለ ባለማወቃችን ነው።

የወር ወጪው ነገርም እንዲሁ ነው። 25,000 የን የሺሮ ጠባይ ምልክት ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የኑሮው ዋጋ ሲወደድ ሺሮ ወጪውን ወደ 30,000 ያሳድገዋል። በሌላ ድርሰት ይህ ቁም ነገር ሆኖ አይነገርም። እዚህ ግን አንባቢው ሰውየው ሲቆጥብ ለዓመታት ስላየው ያቺ 5,000 የን እንደ ትልቅ ውሳኔ ትሰማዋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውን ተረት የሚያስታውስ ነው።

ገበታው ሰው የሚገባበትም በር ነው። ሺሮ ወይዘሮ ካዮኮን የሚተዋወቃቸው ገበያ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ከርቡሽ ለሁለት ሰው ስለሚበዛ እኩል ሊካፈሉት ተስማምተው ወደ እርሳቸው ቤት ይሄዳሉ። እዚያ እንደ ደረሱ ወይዘሮዋ ከማያውቁት ወንድ ጋር ብቻቸውን መሆናቸውን አስበው ይደነግጣሉ፤ ሺሮም እርሳቸውን ለማረጋጋት ሲል ለዓመታት የደበቀውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገረዋል። ምስጢሩ የወጣው በከርቡሽ ምክንያት ነው። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ብርቱ የጠባይ ጥናትም አለበት። ሺሮ ለራሱ ክብር ሲል ያልተናገረውን የሰው ድንጋጤ ለማብረድ ሲል ተናገረው፤ አፉን የዘጋው ይሉኝታ ነበረ፣ የከፈተውም ይሉኝታ ነው።

፮. ዢልቤር የተባለው ሰው

በወይዘሮ ካዮኮ ቤተ ሰብ በኩል ሺሮና ኬንጂ ከሌሎች ሁለት ጓደኛሞች ጋር ይተዋወቃሉ፤ እነርሱም ዳይሳኩ ኮሂናታና ዋታሩ ኢኖዌ ናቸው። ኮሂናታ ስለ ዋታሩ ሲናገር ዢልቤር እያለ ይጠራዋል፤ ያን ከላይ የጠቀስነውን የታኬሚያን ባለታሪክ ስም ነው የሰጠው። ኬንጂም ይህን ሲሰማ አንድ ደካማ፣ ውብና እንደ አበባ የሚረግፍ ልጅ በዐይነ ኅሊናው ይሥላል። ዋታሩ ሲመጣ ግን ጢሙን ያልተላጨ፣ አለባበሱ ግድ የለሽ፣ አፉም እንደ ምላጭ የሆነ ሰው ነው።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ዮሺናጋ ካደገችበት የድርሰት ወገን ጋር የምታደርገው ንግግር ነው። የ1970ዎቹ ዢልቤር በውበቱ ተገድሎ ያልፋል፤ የአሁኑ ዢልቤር ሰው ያስቀይማል፣ ምግብ ያማርጣል፣ ጓደኛውንም ያስቸግራል፤ ግን ይኖራል። ከዚህም ሌላ ዋታሩ የሺሮ ተቃራኒ ነው። ሺሮ ይሉኝታ በዝቶበት የሚወደውን ሰው ይጎዳል፤ ዋታሩ ይሉኝታ አጥቶ ያንኑ ያደርጋል። ደራሲዋ ሁለቱን በአንድ ገበታ ዙሪያ በማስቀመጧ የሺሮ በሽታ ይሉኝታ ራሱ እንዳልሆነ፣ ይሉኝታው ያነጣጠረበት ቦታ እንደ ሆነ አንባቢው ያስተውላል። አሳዳጅና ተፈላጊ የሚለው የቆየ ክፍፍልም በዚህ ቤት አይሠራም፤ ኮስታራው ያበስላል፣ አልቃሻው ደፋር ነው።

፯. ወላጆችና ወደ ኋላ የተመለሰው መንገድ

የሺሮ እናት ከመጀመሪያው ጀምሮ ልጃቸውን እንደሚቀበሉት ደጋግመው ይናገራሉ፤ ሲናገሩ ግን ወንጀለኛ ብትሆንም፣ ወንድን የምታፈቅር ብትሆንም እያሉ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያያይዟቸዋል። ፍቅራቸው እውነተኛ ነው፤ ቃላቸው ይወጋል። ዮሺናጋ እናትየውን ክፉ ሳታደርግ የሚያሳምሙ ማድረጓ ከጥሩ ችሎታዎቿ አንዱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሺሮ ኬንጂን ለአዲስ ዓመት ወደ ወላጆቹ ቤት ይዞት ይሄዳል። ኬንጂ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበርና ደስታው ወሰን የለውም። ሌላ ደራሲ ቢሆን መጽሐፉን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። ዮሺናጋ ግን ትቀጥላለች። ከዚያ ጉብኝት በኋላ እናትየው መንፈሳቸው ይታወካል፤ ወላጆቹም ኬንጂን ዳግመኛ እንዳያመጣው ሺሮን ይለምኑታል። ሺሮ ይህን ለኬንጂ እንዴት ይንገረው? ወደ ኪዮቶ ለጉዞ ይወስደዋል፤ ያለ ወትሮው ደግ ይሆንለታል። ኬንጂም ከደግነቱ ብዛት የተነሣ አንድ ክፉ ነገር እንደ ተደበቀ ጠርጥሮ ይፈራል፣ ያለቅሳልም። በመጨረሻ ሺሮ እውነቱን ይነግረዋል፤ የሚመጣውንም አዲስ ዓመት ከወላጆቹ ዘንድ ሳይሆን ከኬንጂ ጋር ለማሳለፍ ይወስናል።

የድርሰቱን ክብደት የምናየው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የነበረው ሺሮ ነገሩን ደብቆ፣ ሰበብ ፈጥሮ፣ ኬንጂን ከኑድሉ ጋር ትቶት ይሄድ ነበር። የአሁኑ ሺሮም ወላጆቹን አይሰድብም፣ አይክድም፤ ለእነርሱ ያለው ሐሳብ እንዳለ ነው። የተለወጠው ከሁለት ሐዘኖች የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት ማወቁ ነው። ለውጡም እንደ ቀጥተኛ ደረጃ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል።

ሕጉም ከበስተ ኋላ አለ። በጃፓን አገር አቀፍ ሕግ ሁለት ወንዶች መጋባት አይችሉም፤ ከ2015 ጀምሮ የቶክዮው ሺቡያ ወረዳና ሌሎች የአስተዳደር ክፍሎች የጓደኝነት ማረጋገጫ ወረቀት ቢሰጡም ወረቀቱ የጋብቻ መብት አያስገኝም። በታሪኩ ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፋ ወዳጃቸው ሀብቱ ለወላጆቹ እንዳይደርስ ሲል የሚወደውን ሰው በጉዲፈቻ ልጁ ለማድረግ ሺሮን በሕግ ያማክረዋል፤ የጃፓን ሕግ አዋቂ ሰው በዕድሜ የማይበልጠውን አዋቂ እንዲህ እንዲያደርግ ይፈቅዳልና። ጓደኛውን ልጄ ብሎ ማስመዝገብ! ሺሮ ጉዳዩን እንደ ጠበቃ ይሰማል፤ አንባቢው ግን የራሱም ጉዳይ መሆኑን ያውቃል።

፰. ጉድለቱ

ድርሰቱ ነቀፋ የለበትም አንልም። አንደኛ፣ የኬንጂ ይቅር ባይነት አንዳንድ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ነው። የሺሮ ለውጥ በረጅም ጊዜ እንዲታይ የኬንጂ ትዕግሥት እንደ ማይደርቅ ምንጭ መቅዳት ነበረበት፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ኬንጂ ሳይታረቅ ቢያድር ሚዛኑ ይበልጥ ይስተካከል ነበር። ጣፋጭ ራት ጠብን ሁሉ አይፈታም። ሁለተኛ፣ ሺሮ ያን ያህል የሚፈራው የውጭው ዓለም ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ደግ ሆኖ ይገኛል። ወይዘሮ ካዮኮ ደግ ናቸው፣ ባልደረቦቹም እንዲሁ። ከዚህ የተነሣ ፍርሃቱ ባዶ ጥላ ይመስላል፤ በእውነተኛው ኑሮ ግን ጥላው ብዙ ጊዜ አካል አለው። የወላጆቹ ታሪክ ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም።

፱. መደምደሚያ

ባለታሪኮቹ በመጽሔቱ ገጽ ላይ ከአንባቢዎቻቸው ጋር አብረው ያረጃሉ፤ በ43 ዓመቱ ያገኘነው ሺሮ 50 ዓመትን አልፏል። ጸጉሩ ይሸብታል፣ ቅባት ይቀንሳል፣ ወላጆቹም ይደክማሉ። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሰይፍ አልተመዘዘም፣ ቤት አልተቃጠለም። አንድ ጠንቃቃ ሰው ከአንድ ግልጽ ሰው ጋር ሲበላ ኖረ፤ በመብላቱም ውስጥ ለማን ማፈርና ለማን ማሰብ እንደሚገባው ተማረ።

በአገራችን ቋንቋ ድርሰት የምንጽፍ ተማሪዎች ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ። የይሉኝታ ሰው በድርሰቶቻችን ውስጥ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ወይ መሣቂያ ነው ወይ ሰለባ ነው። ይህ ማንጋ የሚያሳየው ሦስተኛ መንገድ ይሉኝታ ያለው ሰው ይሉኝታውን ሳይጥል ሊያድግ መቻሉን ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ታላቅ አጋጣሚ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት ሳሕን፣ አንድ ድስትና ብዙ ምሽቶች ይበቃሉ።